ወንዛዬ የወሰድነው እንቁላል

በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ፣ ከእኛ ከክርስቲያኖቹ ወገን በሁዳዴ እንቁላል የሚበላ ሰው ካለ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ዓይን አውጣ ነው። እኔ ሕፃን አልነበርኩም። ዓይን አውጣ ለመሆንም አማቶቼ የሚመቹ ሰዎች አልነበሩም።

የባሌ አባት የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው፤ የኔታ ይባላሉ፤ ግቢያቸው ዙሪያውን የተማሪ ጎጆ ነው። ባለቤታቸውን እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እመይቴ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ባሌ ደብረ ታቦር ተመድቦ ስለሚያስተምር ከእሳቸው ጋር የምውለውም የማድረውም እኔ ነበርኩ። እመይቴ በጾም ቀልድ አያውቁም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል የፍስኩን ድስት በአመድ ፈትገው ያጥቡና ቆጥ ላይ ይሰቅሉታል፤ እስከ ፋሲካ ወደ ምድጃቸው ዝር አይልም። ጾም ያልገባቸው ዶሮዎቻቸው ብቻ ነበሩ። እነሱ እየጣሉ፣ እመይቴ ለፋሲካ እያከማቹ፣ ቅርጫቱ እስከ አፉ ይሞላል።

እኔ ያን ጊዜ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶብኛል፤ ስለዚህ ሆዴን እንደ ሰው ዕቃ ተጠንቅቄ ነው የምይዘው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ፊደሎቹ ዞሩብኝ። ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ደግሞ በደብተራቸው ያራግቡልኛል። እግሬ ዝሎ፣ ክንዴ ዝሎ፣ ጠመኔ ማንሳት አቃተኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የዓይኔን ሽፋን ገልብጦ አየና፣ «ጉበት ይብሉ፣ እንቁላል ይብሉ፣ ወተት ይጠጡ። አለዚያ ለልጁም እሰጋለሁ» አለኝ። በሁዳዴ እኩሌታ! ጎንደሬ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ከሌላ አገር የመጣ ነው እል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሥነ ምግብ ትምህርት የተማረች የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ኮሊን ይሆናላ!» አለችኝ። አስኳልና ጉበት ውስጥ በብዛት ያለ ነገር ነው፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ የቀረውን ከምግብ ካላገኘ ጉበት ላይ ስብ ይከማቻል፣ ጡንቻም ይጎዳል። ለፅንሱ አንጎልና ነርቭ ስለሚሄድ ነፍሰ ጡር ከሌላው ሰው የበለጠ ያስፈልጋታል። የእኔ ድካም ከእሱ ይሁን ከደም ማነስ ማን ያውቃል፤ የለካኝ የለ። ያኔ ለእመይቴ ኮሊን ጎደለኝ ብላቸው ግን የማያውቁት ሰማዕት መስሏቸው ያማትቡ ነበር።

የንስሐ አባቴ ጉዳዩን ሰምተው ሳያንገራግሩ ፈቀዱ። «የታመመ አይጾምም። ያውም ሁለት ነፍስ ናት፤ ትብላ» አሉ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት እየሮጥኩ፣ ማለቴ በዚያ ሆድ መሮጥ ከተባለ፣ ለእመይቴ ነገርኳቸው።

«ከፈቀዱማ ብዪ፣ እኔ ምን አገባኝ» አሉ። «በኔ ምድጃ ግን አይሆንም።»

«አዲስ ሸክላ ልግዛና ልቀቅልበት?»

«ሸክላውን ገዛሽው። እሳቱንስ ከየት ልትገዢው ነው?»

«እንግዲያ ጎረቤት ሄጄ ልቀቅል።»

«የየኔታ ምራት በሁዳዴ ሰው ቤት ዞራ እንቁላል ቀቀለች ይባልልሽ! አፈር በበላሁ!»

እንዲህ ስንባባል ቀናት አለፉ። እኔ ቅርጫቱን እያየሁ ሽሮ እበላለሁ። እመይቴም እንቅልፍ አጥተው ነበር፤ ስገላበጥ እሳቸውም ሲገላበጡ እሰማቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ግን ፊታቸው በርቶ መጡና ክንዴን ያዙኝ።

«አገኘሁት! ወንዛዬ!»

ወንዛዬ ፍልውሃው ነው። እመይቴ ለጉልበታቸው በየዓመቱ ይሄዱበታል።

«ድስት የለው፣ እሳት የለው፣ ጭስ የለው» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ። «እግዜር ራሱ ከመሬት ሆድ አፍልቶ የሚያወጣው ውሃ። ማን ረከሰ ይለዋል?»

እኔ እንግዲህ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ፣ ያላወቀውን ልጅ የማቆም ሰው ነኝ። ያን ጠዋት ግን እንቁላል የሚባል ነገር አእምሮዬን ወስዶት፣ «እመይቴ፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው የሰጠዎት!» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እንቁላሎቹን እንዳይሰበሩ በጤፍ ውስጥ ቀብረን በሙዳይ ይዘን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሐሙሲት ሳንደርስ ኬላ አለ። በዚያ ዘመን እህል ከቦታ ቦታ እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ ጤፉን ሲያይ ዓይኑ በራ። እጁን እስከ ክንዱ ሰደደና እንቁላል ይዞ ወጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየ። ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ መስቀል በአንገታቸው ያንጠለጠሉ እመይቴ፣ በሁዳዴ፣ ከነእንቁላላቸው!

«ለፋሲካ ነው አይደል እናቴ?» አለ አንድ መንገደኛ ሊያድናቸው።

እመይቴ በጾም አይዋሹም። በፍስክም አይዋሹ። «ለዛሬ ነው» አሉ።

ፈታሹ ግን ጉዳዩ ከጤፉ ጋር ነበር። ጤፉን ወደ ጆንያው ገልብጦ እንቁላሉን አንድ በአንድ እያወጣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየ፣ እመይቴ ጭን ላይ ደረደረላቸው። እሳቸው በነጠላቸው ሸፍነው ቀና ብለው ተቀመጡ። እኔ ሳቄን ለማፈን የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ነበር።

ከሐሙሲት በቅሎ ተከራይተን ወንዛዬ ስንደርስ የሴቶች ተራ ነበር። እመይቴ እንቁላሎቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ውሃው ውስጥ አወረዱ፤ እኛም እስከ አንገታችን ገብተን ከእንቁላሎቹ አጠገብ ተቀመጥን። እመይቴ ሰዓት የላቸውም፤ የሚለኩት በጸሎት ነው። ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። ጨረሱት። ለአስተማማኝነቱ ደገሙት። ከዚያ ቋጠሮውን ፈተው አንዱን አወጡና ድንጋዩ ላይ ቀጭ አደረጉት።

አስኳሉ በጣቶቻቸው መሃል ሾልኮ ውሃው ውስጥ ፈሰሰ።

ሁሉም አየው። ከሐሙሲት የመጡ አንዲት ወፍራም አሮጊት አንገታቸውን አስግገው አስኳሉን አዩት፣ ቀጥሎ እመይቴን አዩዋቸው።

«እመይቴ፣ ይሄ ውሃ የሚያድነው ጉልበት ነው። እንቁላል መቼ ቀቅሎ ያውቃል? የሚቀቅልማ ቢሆን እኛ ቀድመን በተቀቀልን!»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ውሃው ራሱ በሳቅ ተናወጠ። እመይቴ ፊታቸው ቀልቶ፣ አፋቸውን በእርጥብ እጃቸው ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ እሳቸውም ሳቁ። በጾም ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«ለመሆኑ ለማን ነው?» አሉ አሮጊቷ እንባቸውን እየጠረጉ።

እመይቴ ሆዴን አሳዩዋቸው። «አንድ ወርዶባታል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አሮጊቷ ሌላ አልጠየቁም። ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «እናንተ! ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ድንጋዩ!» ብለው ጮኹ። በውሃው ውስጥ የነበረች ሴት ሁሉ ጀርባዋን ሰጠችን፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በከፍተኛ ድምፅ፣ ስለ በርበሬ ማውራት ጀመሩ። እመይቴ አንዱን እንቁላል በመዳፋቸው ሰብረው አፌ ላይ ደፉልኝ። ጥሬውን! ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ከበርበሬው ወሬ መሃል የታፈነ ሳቅ ይሰማ ነበር።

የቀሩትን እንቁላሎች ለብ እንዳሉ ይዘን ተመለስን። እመይቴ በመንገድ ላይ እኔ ስስቅ እያዩኝ ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ሜዳውን ያያሉ። እኔን ግን የፅንሱ ፍርሃት እንደገና ያዘኝ፤ ፋሲካ ገና ሩቅ ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት የጭስ ሽታ ቀሰቀሰኝ። በሁዳዴ ጠዋት፣ በየኔታ ቤት፣ ጭስ! እየተደናበርኩ ማድ ቤት ገባሁ። የፍስኩ ድስት ከቆጥ ወርዶ እሳት ላይ ተጥዷል፤ ውስጡ እንቁላሎቹ እየተጋጩ ይዘላሉ። ተማሪዎቹ ንባባቸውን አቁመው በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀዋል።

«ምን ታያላችሁ?» አሏቸው እመይቴ በሩ ላይ ቆመው። «ለምራቴ እንቁላል እየቀቀልኩ ነው። ድምፃችሁን አሰሙ!»

የኔታም ከውጭ ሆነው፣ ዳዊታቸውን ሳያጥፉ፣ «ሳይጠነክር አውጪው» አሉ። ግቢው ንባቡን ቀጠለ።

ልጄ በሐምሌ፣ ርብ ሞልቶ ሜዳው ውሃ ሲለብስ፣ ሰፈሩን በጩኸት እያመሰች ተወለደች። እመይቴ ሲታቀፏት ከእሷ ብሰው አለቀሱ። ለምን እንደዚያ እንዳለቀሱ ግን የገባኝ ያን የማድ ቤት ጠዋት ስላስታወስኩ ነው።

ያን ጠዋት እንቁላሉን ትኩሱን እየላጡ፣ ጣታቸው እየተቃጠለ፣ ፊቴን ሳያዩ ነበር የነገሩኝ።

«እኔ ሦስት ልጅ ቀብሬያለሁ። በጾም በሆዴ የተሸከምኳቸውን። ብዪ ያለኝ አልነበረም፤ እኔም ልብላ ብዬ አልጠየቅሁም። ኃጢአት መስሎኝ።» እንቁላሉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «እንኪ፣ ብዪ።»

እንባዬ እየወረደ በላሁ። እሳቸው ሁለተኛውን መላጥ ጀመሩ።