በስልኩ ውስጥ ያስቀመጥኩት አባት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጅጅጋ ላሉት ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ድንበር ተሻግሬ እግራቸው ሥር ስንበረከክ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህችን አንዷን ውጬ እመለሳለሁ። "ሌላስ?" ይሉኛል። "ይኸው ነው አባቴ" እላለሁ። እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ ስሙኝ፤ አላውቃችሁም፣ አታውቁኝም፣ ለዚህ ይሆናል አፌ የተፈታው። የሞተውን ባሌን በሕይወት አለ ብዬ ልጄን ዋሽቻታለሁ። የዋሸኋትም በቼዝ ነው።

በቼዝ ይዋሻል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ዋሽቼበታለሁ።

ባሌ ደምሴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከበርበራ ወደብ እስከ ድንበሯ ከተማ ወጫሌ ጭነት ያመላልሳል። ወደቡ ላይ ተራ እስኪደርሰው ሁለትም ሦስትም ቀን ይቆማል፤ ስልኩ ላይ ከኮምፒዩተር ጋር ቼዝ መጫወት የለመደው ያኔ ነው። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ "ፈረሱን አታባክኚ አንቺ ሴትዮ!" እያለ። መኪናው በርበራ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሲሞት ልጃችን ራሔል አራት ዓመቷ ነበር፤ ጅጅጋ እህቴ ዘንድ ነበረች። እዚህ ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ያለነው ያገር ልጆች ተሰብስበን አለቀስን፣ አርባውን አወጣን፣ ከዚያ በኋላ ልጄን አመጣኋት። ሁሉም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ መርዶውን አሁን አትንገሪያት፣ ትንሽ ከፍ ትበል። እኛ መርዶ ማቆየት መቼም እናውቅበታለን። አባትሽ ውጭ አገር ሥራ ሄዷል አልኳት። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የኔ፣ የብቻዬ ነው።

ከእሱ የተረፈኝ ያ ስልክ ነበር፤ መስተዋቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ጠዋት ጠዋት አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ሰው ቤት አጸዳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ከተማው ሲተኛ እመለሳለሁ። የሐርጌሳን ቀትር ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? ሱቁ ይዘጋል፣ ፍየሎቹ እንኳ ከአጥር ጥላ ሥር ይጋደማሉ፣ ነፋሱ ብቻ አቧራውን ይዞ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ይዞራል። ጣሪያችን የምስማር ቀዳዳ ነበረው። ፀሐይ በዚያ እየገባች ወለሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ትጥላለች፣ ነጠብጣቡም ቀስ እያለ ከምንጣፉ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። እኔ እዚያ መሐል ጋደም ብዬ፣ ተኝቼም ሳልተኛም፣ አንዳንዴ የደምሴ መኪና ጥሩንባ ከሩቅ የተሰማኝ እየመሰለኝ፣ ሳይጨርሰው የተወውን ጨዋታ ከፍቼ አያለሁ። ስንት ቀን እንዲሁ አየሁት! አንድ ቀን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አንዲት ወታደር ገፋሁ። ወዲያው መልስ መጣ፤ ጥቁሩ ፈረስ ዘለለ። ራሔል አጠገቤ ተኝታ ነበር፣ ለካ ዓይኗ ተከፍቷል።

"እማ፣ ማነው ያንቀሳቀሰው?" አለችኝ።

"አባትሽ ነው" አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ምነው ያኔ አፌን በያዘው! ከእንቅልፏ ያልነቃች ሴት የለቀቀችው ቃል ነው ብዬ ልለፈው? አልችልም። በማግስቱ ነቅቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ደግሜ ብያታለሁ።

እንዲህ ሆነን እኔና ልጄ ባንድ ወገን፣ "አባዬ" በወዲያኛው ወገን መጫወት ጀመርን። በሆዳችን ተኝተን ጉንጭ ለጉንጭ ስልኩ ላይ እናቀረቅራለን። እሷ ፈረሱን ትወዳለች፣ እኔ ንግሥቲቱን እጠብቃለሁ። ቶሎ ሲመልስ "አባዬ ዛሬ ቸኩሏል" ትላለች። ስልኩ ሲንቀረፈፍ "እያሰበ ነው፣ አትቸኩይ" ትለኛለች። የተሳሳትነውን ወደ ኋላ እንድንመልስ ሲፈቅድልን ደግሞ "አየሽ፣ ጥሩ ሰው ነው እኮ!" አንዳንዴ ጨዋታው ሲሞቃት "አባዬ ይሙት፣ ይቺን ንግሥት እበላታለሁ!" ብላ ትምላለች። የዓስር አዛን ሲሰማ "አባዬ ሥራ ሊገባ ነው" እላታለሁ። እንደ ሰፈሩ ልጆች በሶማሊኛ "ሃዬ"፣ እሺ፣ ብላ ስልኩን ስማ ትሰጠኛለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ከሁሉ በላይ የምናዘዘው ይህን ነው፤ ደስ ይለኝ ነበር። ለልጄ ብዬ ነው እንዳልል ራሴም አምኜው ነበር። ጥቁሩ ንጉሥ ጥግ ሲሸሸግ "የት ትሄዳለህ አንተ!" እያልኩ እንደ ድሮው እቀልድበት ነበር።

ኮምፒዩተሩ ግን ጨካኝ ነው፤ ደምሴ ለራሱ ችሎታ በሚመጥን ደረጃ አቁሞት ሄዷል። ራሔል ስምንት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ተሸነፍንና ስልኩን ገፋችው። "ለምን አንድ ቀን እንኳ አይለቅልኝም? አይወደኝም እንዴ?" አለች። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ ደረጃውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩት። በማግስቱ አባቷ ንግሥቲቱን እንዲሁ በነጻ ሰጣት። ዘለለች፣ ጨፈረች። በሦስተኛው ቀን ስልኩን አስቀመጠችው።

"እማ፣ አባዬ አሞታል እንዴ? እሱ እንዲህ አይጫወትም እኮ።"

እዚያች ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። "አዎ፣ ትንሽ አሞታል" አልኳት። ለምን እንዳልኩት ልንገራችሁ፤ ዛሬ ይታመም፣ ነገ ይባስበት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሙት፣ መርዶው ይቀለኛል ብዬ ነው። አልቅሼ የቀበርኩትን ባሌን ስልክ ላይ ሁለተኛ ልገድለው! እኔ ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ደግሞ እኮ ሳስበው ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የማርያም ማኅበር ተራው የኛ ቤት ነበር። እዚህ እኛ ዓርብ ዓርብ፣ የሥራ እረፍት ሲሆን፣ በየቤታችን ነው የምንሰበሰበው። በዋዜማው ራሔል "የአባዬ የክርስትና ስም ማነው?" አለችኝ። "ገብረ መስቀል" አልኳት፤ ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኩም። ጸሎቱ ሲያልቅ ተነስታ መሐል ቆመች። "አባቴ ገብረ መስቀል ታሟል፣ ጸልዩለት" አለች። የምታየው ግን እነሱን ሳይሆን እኔን ነበር። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ደምሴን አፈር ያለበሰ ነው። ማኅበሩን የሚመሩት እትዬ ብርቄ አዩኝ። ከኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር። አቀረቀርኩ። እትዬ ብርቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እግዜር ይማርልሽ፣ ልጄ" አሉ፤ ሁሉም "አሜን" አለ። እኔም አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሲወጡ እትዬ ብርቄ ክንዴን ቆንጥጠው ይዘው "ይቺን ልጅ መቼ ነው የምትነግሪያት?" አሉኝ። እነግራታለሁ አልኳቸው።

በማግስቱ የነገርኳት ሌላ ነገር ነው። ደረጃውን ወደ ነበረበት መለስኩና "አባዬ ተሽሎታል" አልኳት። ልገድለው አቅቶኝ መልሼ አስነሳሁት። ራሔል ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው። የፀሐይዋ ነጠብጣብ እጇ ላይ ነበር። ከዚያ ጣቷን ከሰሌዳው በላይ ካለች አንዲት ቃል ሥር አኖረች። እኔ የፈረንጅ ፊደል አላነብም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እያየኋት ያች ቃል ምን እንደምትል ጠይቄ አላውቅም። እሷ ግን ትምህርት ቤት ገብታለች።

"ኮም፣ ፒዩ፣ ተር" ብላ አነበበችልኝ። ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነበብ።

ጠበቀችኝ፤ እኔም ግድግዳው ላይ የሚሄደውን ብርሃን ማየት ያዝኩ። ቆይታ "ተራው የኮምፒዩተሩ ነው" አለች። ተጫወትን።

ከዚያ ቀን ወዲህ "አባዬ" ብላው አታውቅም። በእሱም ምላ አታውቅም። አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ በልጦኛል፣ እኔ ገና ሳላይ እሷ አምስት እርምጃ ቀድማ ታያለች። አሁንም ዓርብ ቀትር ጎን ለጎን ጋደም ብለን ኮምፒዩተሩን እንገጥመዋለን፣ አንዳንዴም እናሸንፈዋለን። ስለ አባቷ ግን ሰባት ዓመት አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

ባለፈው ዓርብ ድንገት፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ፣ "እማ፣ ያኔ ማኅበሩ ላይ እኮ ኮምፒዩተር የሚለውን ቃል ካነበብኩት ቆይቼ ነበር" አለችኝ።

"የቱን ማኅበር?" አልኩ፤ ያላወቅኩ መስዬ።

"ጸልዩለት ያልኩ ጊዜ። ሰው ፊት ከሆነ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር።"

ተነስቼ የታጠበ ልብስ ላነሳ ወጣሁ። ገመዱ ላይ ልብስ አልነበረም።

አያችሁልኝ? የስምንት ዓመት ልጅ ናት። እውነቱን ከናቷ አፍ ለመስማት ብቻዋን አስባ፣ ብቻዋን ስሙን ጠይቃ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ትቆማለች፤ እናቷ አሜን ትላለች። አባቷን ሞት ወሰደው፤ ለቅሶዋን ግን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ያወቀችውን ይዛ፣ እኔ እንዳልደነግጥ ብላ፣ አጠገቤ ተኝታ ስትጫወት ኖረች። ሕፃን ስለነበረች ነው፣ ሰው አገር ሆኜ ነው፣ ብቸኝነት ጎድቶኝ ነው አልልም። ይቅር በይኝ ብዬም አልጨምርባትም፤ አባቷን ሳታለቅስ ለኔ ይቅርታ ታድል እንዴ?

መርዶ በወጉ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት። ወጉን አበላሽቼዋለሁ። አሁን ቀትር ነው፤ ከትምህርት ቤት ልትመለስ ነው፣ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እትዬ ብርቄን ጠርቻቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። ፊቷን ሳይ አፌ እንዳይያዝ ቃሉን እዚህ ላይ ቀድሜ እላለሁ።

ራሔል ልጄ፣ አባትሽ ደምሴ የለም። አራት ዓመትሽ እያለ በርበራ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ውጭ አገር አልሄደም፣ አልታመመም፣ አልተሻለውም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። የገብረ መስቀልን ነፍስ ይማር።

አሜን የምትለው እሷ ናት። እኔ የኔን አሜን ያን የማኅበር ቀን ብዬ ጨርሻለሁ።