ሰው ሳይሞት የተነፋ ጡሩምባ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ጦርነት የለበትም፣ ስመ ጥር ሰው አላለፈበትም፤ ያሉበት ሠላሳ የማይሞሉ ቤቶችና አንድ የብረት ድልድይ ብቻ ናቸው። ግን ባለፈው እሑድ ጠዋት በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ተኝቼ ሳለሁ፣ ከአጥሩ ውጪ ካለው ሰፈር የእድር ጡሩምባ ተነፋ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ሰው ሞቷል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርሁ። በሞት ጡሩምባ የምደሰተው ለምን እንደሆነ ላስረዳት ብዬ ጀመርሁና፣ ነገሩ ስለረዘመብኝ ልጽፈው ወሰንሁ።

ያደግሁት ከመካኒሳ አቦ ቁልቁል ሲወረድ፣ ወንዙ ትልቅ ቋጥኝ ገጥሞት ለሁለት ተከፍሎ እንደገና በሚገናኝበት ቦታ፣ በሁለቱ ውሃዎች መካከል ነው። ሰው ሁሉ «ደሴት» ይለው ነበር። በበጋ ስሙ ቀልድ ይመስል ነበር፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት ስለማያልፍ ድንጋይ በድንጋይ እየረገጥን ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር፣ ከማናችንም በፊት እዚያ የነበሩት ኦቦ ገመቹም በዳርቻው ቆስጣና ጎመናቸውን ያጠጡ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ቀልዱ ያበቃል። ሁለቱም ውሃዎች ቀይ ሆነው እየጮኹ ይመጣሉ፣ መሻገሪያ ያደረግነውን ግንድ ይዘው ይሄዳሉ፣ እኛም እስኪጎድል ድረስ አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማዶውን እያየን እንቀመጥ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ በጋ እማዬ ነፍሰ ጡር ሆነች። መውለጃዋ ነሐሴ ላይ እንደሆነ ሲነገረው በያጁ አባቴ በጣቱ ወራቱን ቆጠረ፣ ወደ ወንዙም አየ። በማግሥቱ ከሥራ ቀርቶ ድልድይ ለመጠየቅ ሄደ። ከወዲህ ማዶ ያለው ወረዳ «እናንተ የወዲያኛው ናችሁ» አለው፣ የወዲያኛው ደግሞ «የወዲህኛው» አለው፤ እንዲህ ሲመላለስ የካቲት አለቀ። በመጨረሻ አንድ ሹም «ለመሆኑ ማንን ወክለህ ነው የምትመጣው?» ሲለው፣ አባባ «ሚስቴን» አለ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። «ሰውዬ፣ ለአንድ ሚስት ድልድይ አይሠራም! ማኅበር አቋቁማችሁ በማኅተም ኑ።»

አባባ «ስብሰባ» ብሎ ጽፎ በየበሩ ለጠፈ። እሑድ ሦስት ሰዎች መጡ፤ አንደኛው የመጣው በሩ ላይ ወረቀት ማን እንደለጠፈበት ሊጠይቅ ነበር። በዚህ አይፈረድም፤ ደሴት የራሱ እድር እንኳ አልነበረውም። ግማሾቻችን በወዲህ ማዶ እድር፣ ግማሾቻችን በወዲያ ማዶ እድር ተመዝግበን፣ ሁላችንም አንድ ላይ የምንቆመው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። አባባን ለስሕተቱ የገፋፋው ይኸው ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ማሞ የወዲህ ማዶው እድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ሄዶ ለመናቸው።

«ተው አንተ፣ ይሄ የሞት ዕቃ ነው» አሉት።

«ቀስ አድርገው ይንፉት፣ ጋሼ።»

«ቀስ ተብሎ የሚነፋ ጡሩምባ ደግሞ የት አየህ?»

ግን እሺ አሉት። መጋቢት ውስጥ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቋጥኙ ላይ ወጥተው ነፉ። ጡሩምባ ነፊ ከነፋ በኋላ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ጋሽ ማሞ ግን የሚጠሩት ስም ስላልነበራቸው ነፍተው ዝም አሉ። ሰውን ሁሉ ከየቤቱ ያስወጣው ያ ዝምታ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሰው የሞተበት መሰለው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በቋጥኙ ዙሪያ ያለውን ውሃ እየዳከሩ መጡ። ሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ ወርቄ ከሁሉም ቀድመው ደረታቸውን እየደቁ «ወይኔ! ማነው? ንገሩኝ፣ ማነው?» ይሉ ነበር። ያን ያህል ሰው በደሴት ይኖር እንደነበር አላውቅም ነበር፤ በእማዬ ቀሚስ ተከልዬ አፌን ከፍቼ አየኋቸው።

አባባ እየተንተባተበ «ማንም አልሞተም፣ ለስብሰባ ነው» ሲል ጫጫታው ፈነዳ። እትዬ ወርቄ «አንተ ምን ያለህ ሰው ነህ? እንባዬን እንዲያው በከንቱ! በል መልስልኝ!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ መቱት። ሰው መበተን ሲጀምር እማዬ ሆዷን ይዛ ወደ ፊት ወጣች።

«እውነት ነው፣ ማንም አልሞተም» አለች። «ምጤ መጥቶ ውሃው ከሞላ ግን፣ ያን ጊዜ ለኔ ይነፋል።»

«በስመ አብ በይ! ምን ያለችው ሟርተኛ ናት!» አሉ እትዬ ወርቄ፤ ግን መሄዳቸውን ተዉት። ሌላውም ቆመ። ኦቦ ገመቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «ለመቅበር የተሰበሰበ ሰው ለመኖርስ ለምን አይሰበሰብም? በሉ፣ ስማችሁን አጽፉ» አሉ።

ወረቀት ከኔ የአማርኛ ደብተር መካከል ተገነጠለ፤ መምህሬ ትቆጣኛለች ብዬ አለቀስሁ። ወዲያው ግን ማልቀሴን ረሳሁት፤ ምክንያቱም «የእንትና እናት» ብቻ እየተባሉ የኖሩ ሴቶች አንድ በአንድ ቀርበው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጮክ ብለው መናገር ጀመሩ። እትዬ ወርቄ ወርቅነሽ ነበሩ። እማዬ «ዘነበች ተፈራ ወልዴ» ስትል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ ፀጉሬ ቆመ። ሌላ ጊዜ ከጡሩምባው በኋላ የሚጠራው የአንድ ሟች ስም ነበር፤ ያን ቀን የሁላችንም ስም ተጠራ።

ግንቦት ላይ ኦቦ ገመቹ ሊቀ መንበር፣ እትዬ ወርቄ ገንዘብ ያዥ፣ አባባ ጸሐፊ ሆነው በአዲሱ ማኅተም ሄዱ። ያው ሹም ማንን እንደወከሉ ሲጠይቃቸው፣ እትዬ ወርቄ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «አንብበው፤ እስክትጨርስ እንቀመጣለን» አሉት። ሁለቱ ወረዳዎች አብረው መጥተው ውሃውን አዩ። ብረቱ ሰኔ ላይ መጣ፣ ጉልበቱ የኛ ሆነ፤ አባባ ሐምሌን ሙሉ በላስቲክ ተከልሎ ሲበይድ፣ ከዝናቡ ጋር የሚወርደውን የብልጭታ ዝናብ ከመስኮት እያየሁ እደነቅ ነበር።

የእማዬ ምጥ የመጣው በቡሄ ዕለት ከቀትር በኋላ ነው። ሁለቱም ውሃዎች ሞልተው ነበር። ጎረቤቶች ሊሸከሟት ወንበር ይዘው መጡ፤ እሷ ግን «ተዉት፣ በእግሬ ነው የምሻገረው። ለዚሁ አይደል እንዴ የለፋነው?» አለች። የብረቱን መደገፊያ ይዛ፣ ሲያማት እየቆመች፣ ከሥሯ ያ ቀይ ውሃ እየጮኸ ተሻገረች። ማዶ የሚጠብቃት ባጃጅ በሩን እስኪዘጋ ድረስ የደሴት ሰው በዝናቡ ውስጥ ተሰልፎ ቆሞ ነበር። ሲመሻሽ አባባ ከጤና ጣቢያው ደወለ። ጋሽ ማሞ ማንንም ሳይጠይቁ ቋጥኙ ላይ ወጥተው ነፉ፣ በዚህ ጊዜ ግን ዝም አላሉም፤ «የወይዘሮ ዘነበች ተፈራ ወንድ ልጅ፣ ዛሬ ተወልዷል!» ብለው ጠሩ። እትዬ ወርቄ እልልታውን ሲያቀልጡት እስከ መንገዱ ተሰማ።

ባለፈው ዓመት የወንዙ ዳርቻ ሊለማ ስለሆነ የደሴት ሰው ተነሥቶ በየኮንዶሚኒየሙ ገባ። አሁን ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ውሃው በቧንቧ ይመጣል፣ ስብሰባ በስልክ መልእክት ይጠራል፣ ክረምቱም እኛን ሳይነካ ያልፋል። እማዬ ደስተኛ ናት፤ እኔም ነኝ። ነገር ግን ከፊት ለፊታችን የሚኖሩትን ሴትዮ እስካሁን የማውቃቸው «የናቲ እናት» በሚለው ብቻ ነው፤ ለእረፍት ወደ ቤት ስመለስ ስማቸውን ከነአባታቸው እጠይቃቸዋለሁ።

የማኅበሩ መዝገብ አባባ ዘንድ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ደሴትን በለቀቅንበት ቀን ኦቦ ገመቹ የቆስጣ ዘራቸውን በኪሳቸው ይዘው ከሁሉም በኋላ ድልድዩን እንዳለፉ ተጽፏል፣ ከሥሩም አባባ በደቃቅ ጽሕፈቱ እንዲህ ብሎ ዘግቶታል፦ «ሁላችንም ተሻግረናል። ሰኔ ፴ ቀን።»