ሮዝ ዱላ አልፈልግም

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የተቀመጠውን የጎልፍ ዱላዬን ማውጣት ነበር። ረጅሙን፣ ድራይቨር የሚባለውን፣ የመጀመሪያው ኳስ ወደ ሩቅ የሚመታበትን። የተጠቀለለበትን ጨርቅ ስፈታው አናቱ እጄ ላይ ተፈረፈረ። የድሮ ድራይቨር አናቱ ከእንጨት ነበር የሚሠራው፤ የሸዋ ሮቢት ምስጥ ደግሞ እንጨት አይምርም።

ሰው ሲሰማኝ ይስቃል። በይፋት ቆላ ተወልዳ ያደገች፣ ሂጃቧን ያሰረች ሴትዮ ከጎልፍ ጋር ምን አገናኛት? ያገናኘኝ ሥራ ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ በአንድ የጎልፍ ክለብ ጸሐፊ ነበርኩ። ሰኞ ሰኞ አባላቱ ስለማይመጡ ሠራተኛው እንዲጫወት ይፈቀድለት ነበር። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ሻይ ይዘው ሲጨዋወቱ እኔ ሜዳ ላይ ነበርኩ። ቁመቴ ረጅም ነው፣ ትከሻዬም ሰፊ፤ ከሮቢ ወንዝ ውሃ ስቀዳ ያደግሁ ነኝ። ኳሱን ስመታው የሜዳው ሠራተኞች ማጨጃቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። በኋላ እናቴ ታመመች፤ እሷን ላስታምም ወደ ሮቢት ተመለስኩ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ሥራ አገኘሁ፣ እዚሁ ቀረሁ። ጎልፉም ቀረ።

አሁን ግን ጊዜ አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ ጤናም አለኝ። አዲስ ድራይቨር ልገዛ አዲስ አበባ ልሄድ ስነሳ ታናሽ ወንድሜ «ብቻሽን አትሄጂም» ብሎ ተከተለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር እስክንወጣ ድረስ የሚኒባሱን ሹፌር ማርሽ አቀያየር ሲተች ነበር። በጎልፍ ጉዳይ ግን ዱላና ኳስ እንዳለው ከማወቅ ውጪ ምንም አያውቅም።

ሱቁ ፎቅ ላይ ነው። ከኋላ በኩል ዱላ መሞከሪያ መረብ ተወጥሯል። ሻጩ ሽክ ያለ ወጣት ነው፤ እንደገባን ተነሣና ወንድሜን ጨበጠው።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ምን ልታዘዝ?»

«ድራይቨር ነው የምፈልገው» አልኩት እኔ።

«ለጀማሪ ነው ወይስ ልምድ ላለው?» ብሎ ወንድሜን ጠየቀው።

«እኔ እንጃ፣ እሷን ጠይቃት» አለ ወንድሜ።

ያኔ ወደ እኔ ዞረ። «ለእርስዎ ነው እንዴ እማማ?» ሕፃን ልጅ አውሮፕላን እነዳለሁ ሲል የሚሰጠው ዓይነት ፈገግታ ፈገግ አለ። ሄዶ ሮዝ ድራይቨር ይዞ መጣ። «ይሄ የሴቶች ነው። ቀላል ነው፣ አያደክምዎትም። ቀለሙም ያምራል።»

በምን ያህል ኃይል እንደምመታ አልጠየቀኝም። ተጫውቼ አውቅ እንደሆነም አልጠየቀኝም። ዱላውን ወዘወዝኩት፤ ዘንጉ እንደ አርጩሜ ይተጣጠፋል።

«ልሞክረው» አልኩ።

«መረቡ ለደንበኞች ነው እማማ።»

«እኔስ ማን ነኝ?»

«አይ፣ ምንጣፉ ያንሸራትታል፣ እንዳይወድቁብኝ ብዬ ነው።»

ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ቆምኩና መታሁ። ዘንጉ ስለሳሳ አናቱ ቀደመኝ፤ ኳሱ ወደ ግራ ተጠምዝዞ የመረቡን ጠርዝ ነካ። ልጁ አጨበጨበ። «ጎበዝ!»

እንደዚያ ጭብጨባ ያበገነኝ ነገር የለም። መጥፎ ምት ነበር፤ መጥፎ መሆኑንም ያውቃል። ወንድ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ምን እንደተሳሳትኩ ይነግረኝ ነበር እንጂ አያጨበጭብልኝም።

«ያንን ጥቁሩን አውርድልኝ» አልኩት። ከሁሉም ጠንካራው እሱ እንደሆነ ዘንጉን አይቼ አውቄያለሁ።

«እሱ ለጎረምሶች ነው…»

ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «ተይ እትዬ፣ ልጁ የሚለውን እንስማ። ሮዙን እንውሰድና እንሂድ፣ ሰው እያየን ነው።»

ከሻጩ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው። «አንተ መኪና ስትመርጥ እኔ ሮዙን ውሰድ ብዬህ አውቃለሁ?» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ጥቁሩን አወረደው።

መታሁ። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ኳሱ መሬት ለመሬት ሄዶ መረቡ ሥር ተወሸቀ፤ ወገቤን አንድ ነገር ጨመደደኝ። ሕመሙን ዋጥ አድርጌ ደገምኩት። የባሰ ሆነ።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ለካ ለመምረጥ የተነሣው እልሄ ነው። ልጁ ደካማ ናት ብሎ ሮዙን አመጣ፤ እኔ ደካማ አይደለሁም ለማለት ጥቁሩን አነሣሁ። ሁለታችንም ወገቤን አልጠየቅነውም። ይህንን ማወቄ ንዴቴን አላበረደውም። እንዲያውም ሰው አናድዶኝ የማይሆነኝን ዕቃ ተሸክሜ ልወጣ እንደነበር ሳስበው ባሰብኝ።

«ስማ ልጄ» አልኩት። «ኳስ የሚመታበት ፊቱ ወደ ላይ ይበልጥ ያጋደለ፣ ዘንጉ ያልላላ ያልደረቀ አለህ? መያዣው ለእጄ ወፈር ያለ ይሁን። ለሴት ነው ለወንድ ነው አትበለኝ፤ አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አለ፤ አሁን ያየው እኔን ነው። ግራጫ ድራይቨር አመጣልኝ።

ሳልቸኩል አንዴ ወዘወዝኩት። ከዚያ መታሁ። የድሮው የእንጨት ድምፅ አይደለም፤ ኩልል ያለ የብረት ድምፅ ነው። ኳሱ ተነሥቶ የመረቡን መሃል ወደ ውስጥ ገፋው። ማንም አላጨበጨበም። እኔም ጭብጨባ አልፈለግሁም። «ይሄ ነው» አልኩ።

ልጁ በደንብ ጠቅልሎ አሰረውና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለወንድሜ አቀበለው። «መልካም ጨዋታ ጋሼ!» ከወንድሜ እጅ ነጥቄ ወጣሁ። ሮቢት እስክንደርስ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ይዤው መጣሁ።

አሁን ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ የተነሣበት የዘመዳችን ማሳ ላይ እጫወታለሁ። ሱብሒ ሰግጄ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ እወጣለሁ። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ቆም ብለው ያዩኛል። አንዳንዱ «ማሻ አላህ» ይላል፣ አንዳንዱ ይሥቃል፤ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ወንድሜን ነው። ባለፈው ሽንኩርት በአህያ ለጫኑ ሁለት ሽማግሌዎች ሲያወራ ሰማሁት።

«ዱላውን እኔ ነኝ የመረጥኩላት። አዲስ አበባ ድረስ ወስጃት።»

ዱላዬን እንደያዝኩ ዞርኩ። «እስቲ ድገመው!»

«አብረን መረጥነው ማለቴ ነው እትዬ።»

«አብረንም አልመረጥንም!»

ሽማግሌዎቹ አህያቸውን ነድተው ራቅ አሉ። ወንድሜ ከፊቴ እንደቆመ ነው።

«ዞር በልልኝ፣ ልመታ ነው» አልኩት። ዞር አለ፤ መታሁ።