አባቴ ሞጣ ድረስ ይዞት የሄደው መልስ

አባቴ ታዘበው ከብቸና ትንሽ ወጣ ባለች ቀበሌ ጤፍና ስንዴ እያረሰ የኖረ ሰው ነው። ቁመቱ ዘለግ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲናገር ጠጋ ካላሉት አይሰማም። ስሙ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጸጥ የሚለው ግን በሌላ ምክንያት ነበር።

ደርግ በወደቀ ጊዜ ከጦር ሜዳ የተበተነ አንድ ወታደር እግሩ ቆስሎ ደጃችን ላይ ወደቀ። አባቴ አስገባው። ቁስሉን እያጠበ፣ ያለውን እያበላ መራመድ እስኪችል አቆየውና የራሱን ልብስ አልብሶ ወደ አገሩ ሸኘው። ወታደሩ ሲሄድ ክላሹን ትቶለት ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች መጡና አባቴን ያዙት። ክረምቱን ሙሉ አሰሩት። «አዎ፣ አለኝ» ቢል በዚያው ቀን ቤቱ ይገባ ነበር። አላለም። ከስቶና ሸብቶ ሲመለስ እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ እሱ «ማሳው እንዴት ነው? ዝናቡ በቃው?» ብሎ ብቻ ጠየቃት።

ለእኛ አገር ገበሬ መሣሪያ ጌጥ ብቻ አይደለም። መሣሪያ ያለውን ሰው ከብቱን አይነዱበትም፣ ድንበሩን አይገፉበትም። ስለዚህ ማን እንዳለው፣ የት እንዳስቀመጠው አይጠየቅም። ወንድም ወንድሙን አይጠይቅም። እኔ ሴት ልጁ ሆኜ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ወንድሜ ሰውነት ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በወባ የሞተው በ1997 ዓ.ም. ነው። የተቀበረውም እዚያው ነው። እኔ ያን ጊዜ ሞጣ አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ አባቴን ልጠይቅ ብሄድ ሌላ ሰው አገኘሁ። እናቴ ምግብ ታቀርብለታለች፣ አንድ ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። በሬዎቹ ጠምዶ እንዲወጣ እየጠበቁ ቆመው ይውላሉ። ሳዋራው ቀና ብሎ ያየኛል እንጂ የሰማኝ አይመስልም። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ አልቅሼ ብቸና ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

የተቀበለችን ሲስተር እስከዳር የምትባል ነርስ ናት። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች፣ ገና ልጅ እግር፣ ቀጭን። የአእምሮ ሕመም ሥልጠና ወስዳለች ይባል ነበር። አባቴን ወንበሩን ጠጋ አድርጋ አስቀመጠችውና ሳትቸኩል አንድ በአንድ ጠየቀችው።

«እንቅልፍ እንዴት ነዎት፣ አባባ?»

«የለም።»

«ምግብስ?»

«ይኸው እበላለሁ።»

«መኖር የሚያስጠላዎት ጊዜ አለ?»

አባቴ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። እሷም ጠበቀችው። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ቤትዎ መሣሪያ አለ?» አለችው።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እኔ ልታከም የመጣሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ቃል ልሰጥ ከሆነ የመጣሁት፣ ለአንቺ አይነት ጥያቄ ድሮም መልስ የለኝም።»

«አባባ፣ ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። የምጠይቀው ለ...»

ሳይሰማት ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ። በመንገድ ላይ ያገኘው ጎረቤታችን ይግዛው «ምን አሉህ?» ሲለው፣ «መሣሪያ አለህ ወይ አሉኝ» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ይህችው በቃች። በሚቀጥለው ገበያ አገሩ ሁሉ፣ «ጤና ጣቢያው መሣሪያ መመዝገብ ጀመረ» ይል ነበር። የታመመ ጠበል ሄደ፣ አለዚያም ቤቱ ተኛ። እናቶች እንኳ ልጆቻቸውን ማስከተብ ተዉ። ልጇን ልታስከትብ የሄደችን ሚስት ስለ ባሏ መሣሪያ ጠይቀው እንዳያወጣጧት ፈሩ።

እኔ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ አክስቴ ይርጋነሽ ናት፤ የአባቴ እህት፣ ዓይኗን ታማ የግድ ጤና ጣቢያ የሄደች ቀን እዚያው ሆና አይታዋለች።

አክስቴ ከሌሎች ጥቂት ሰዎች ጋር ደጅ ላይ ተራ እየጠበቀች ሳለ አንድ ሹም ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። ወሬው እሱም ጆሮ ገብቷል። የሲስተርን በር ገፋ አድርጎ ገባ፤ በሩን ስላልዘጋው የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

«ሲስተር፣ መሣሪያ ያለውን ሰው ትጠይቂያለሽ አሉ። ጥሩ ሥራ ነው። እስቲ እነማን ናቸው?»

«እኔ የምጠይቀው በሽተኛን ነው።»

«የጠየቅሽውን አይደለም፣ የመለሱልሽን ነው የምልሽ።»

«መልሱ የእኔ አይደለም። የእነሱ ነው፤ እኔ ዘንድ አደራ ነው የተቀመጠው።»

ሹሙ ሳቀ። «አንቺ ለአገሩ እንግዳ ነሽ። ነገ ከዚህ ብትነሺ ማን ይከራከርልሻል?»

«ማንም» አለች። «ሊያነሱኝ ይችላሉ። የሰው ምስጢር ግን ከእኔ ጋር ነው የሚነሳው።»

አክስቴ ስትናገር፣ «ገና ልጅ ናት እኮ» ትላለች። «መዝገቧን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ቃሏ ግን ፍንክች አላለም።» ሹሙ ተቆጥቶ ሲወጣ ሲስተር ደጅ ብቅ አለችና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ተረኛ ማን ነው?» አለች። ደጅ የተቀመጡት ሁሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ ብድግ ብለው ቆሙላት።

ብዙም ሳይቆይ ተነሳች። ሞጣ ተመደበች ተባለ።

አክስቴ ይህን ለአባቴ ስትነግረው ግድግዳውን ተደግፎ እያዳመጠ ነበር። ስትጨርስ፣ «እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አላት። ደገመችለት። «ያች ቀጭን ልጅ?» አለ። «ያች ቀጭን ልጅ» አለችው። ከዚያ የሞጣ አውቶቡስ መቼ መቼ እንደሚሄድ ጠየቀኝ አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞጣ ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት አባቴ የአውቶቡስ አቧራ ለብሶ ቆሟል።

«አባዬ! ምን ሆንክ? በሰላም ነው?»

«ያችን ልጅ አገናኝኝ» አለኝ። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ።

ሲስተር እስከዳር ገና እንዳየችው አወቀችው። ይቀመጡ ብትለው አልተቀመጠም። ቆብ የለውም እንጂ ቢኖረው ያወልቅ ነበር፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ክንዱ ላይ አደረገ።

«ልጄ፣ ብቸና የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ ነው የመጣሁት።»

ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱንም ዘጋች። «ልጅዎ ትቆይ ወይስ ትውጣ?»

«ትቆይ። ትስማ።» ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «አለኝ» አለ።

አንዲት ቃል ናት። እስር ቤት ክረምቱን ሙሉ ከአፉ ሊያወጧት ያልቻሉትን ቃል፣ ወዶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። አባቴን እስከዚያ ቀን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

«ሌላም የምነግርሽ አለ» አለ። ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር። «ሰውነት ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ስሆን አነሳዋለሁ። ለሌባ አይደለም የማነሳው።»

እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሲስተር አልደነገጠችም። ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለችው። «የእናቴ ወንድም እንደ እርስዎ እንቅልፍ አጥቶ ደጋግሞ ሐኪም ቤት ሄዷል። ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ ሆዱ፣ ስለ ወገቡ ጠየቁት። መሣሪያ እንዳለው ግን የጠየቀው አልነበረም፤ በገዛ መሣሪያው ሞተ። እኔ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ለሌላ ለማንም አይደለም።»

አባቴ ያኔ ተቀመጠ። «ልትወስዱብኝ ነው?»

«እኔ አላየውም። የት እንዳለም አይንገሩኝ። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ቶሎ አይሠራም፣ ግን ይሠራል። እስኪሻልዎት ድረስ ከእጅዎ ይራቅ ነው የምልዎት። የሚያምኑት ሰው አለ?»

«ቤቴ ባዶ መሆኑ ከታወቀ ከብቶቼ አያድሩም።»

ሁለቱም አሰቡ። መላውን ያገኘው እሱ ራሱ ነው። «ክላሹ ካለበት አይነሣ። ጥይቱንና ካዝናውን ይርጋነሽ ትያዝልኝ» አለ። ሲስተር ፈገግ አለች። «ከዚህ የተሻለ እኔም አላመጣም» አለችው።

እንደተባለውም ሆነ። አክስቴ ጥይቱን የት እንዳደረገችው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አባቴ በየወሩ ሞጣ እየመጣ፣ እኔ ዘንድ እያረፈ ታከመ። ክረምቱ ሲገባ በሬዎቹን ጠመደ። አንድ ቀን እራት ላይ ድገሚኝ ሲለኝ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቀጥሎ ያደረገውን ግን ማንም አልጠበቀም። በሰንበቴ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ ያ ጠጋ ካላሉት የማይሰማ ሰው፣ ተነሥቶ ቆመ።

«ጤና ጣቢያ መሣሪያ ይመዘግባል ያስባልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሲስተር ጠይቃኝ ነበር። ሞጣ ድረስ ሄጄ መለስኩላት። ምን ብዬ እንደመለስኩ እናንተ አታውቁም። ሹሙም አያውቅም። አሁንም ማንም አያውቅም። በሽታችሁን አትደብቁ፤ ልጆቻችሁንም አስከትቡ።»

ቁጭ አለ። በዚያው ሳምንት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ብቸና ሲጎርፉ ታዩ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሞጣ ጤና ጣቢያ በኩል አለፍኩ። አባቴ በሲስተር እስከዳር በር ትይዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ታሞ መስሎኝ ደንግጬ ገባሁ። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰማው የሚባል የአገራችንን ሰው ይዞት መጥቶ ኖሯል፤ ሰውየው ውስጥ ነው። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ወደ በሩ ጠጋ ጠጋ ሲሉ አባቴ ዱላውን መንገዱ ላይ ጋደም አደረገና በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ፣ «እባካችሁ እልፍ በሉ» አላቸው። «ሰው እየተናገረ ነው።»

እልፍ አሉ። እኔም አብሬያቸው እልፍ አልኩ።