የጋሼ ሰይድ የሆኪ ካርዶች

ልጅ ሆኜ እጄ የገባ የሆኪ ካርድ ሁሉ የበቆሎ ጥብስ ይሸት ነበር። ማዕዘኑ የታጠፈ፣ መሃሉ በጣት ቅባት የወዛ፣ አንዳንዱም ጫፉን ፍም የለበለበው ነበር። ዛሬ ካርድ እንሰበስባለን የሚሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨማደዳል። ይጨማደድ። ይህን የምጽፈው እነሱን ለማስደሰት አይደለም።

ያኔ በስደት በመጣንበት ከተማ የምንኖረው ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብሎ፣ ቀለሙ የተላላጠ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበር። ላይ እኛ፣ ታች ጋሼ ሰይድ። ጋሼ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፤ የሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ ግን እናቴ ለሥራ ስትወጣ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ጀማልን የምትተወው እሳቸው ዘንድ ስለነበር ከአጎት ለይተን አናያቸውም ነበር። ሥራቸው ጨዋታ ካለቀ በኋላ ስታዲየም ማጽዳት ነበር። የበረዶ ላይ ሆኪ ወደ ከተማችን አዲስ የመጣበት ሰሞን ስለነበር ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ይመጣሉ፣ የተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ካርዶች የታሸጉበት ፓኬት ያስገዛሉ፣ እዚያው ተቀምጠው ቀደው ይከፍታሉ፣ የሚወዱት ተጫዋች ከወጣላቸው ኪሳቸው ይከቱታል፣ የቀረውን ከፖፕኮርኑ ጋር ወንበር ሥር ይጥሉታል። ጋሼ ሰይድ ፖፕኮርኑን ይጠርጋሉ፤ ካርዱን ግን ያነሳሉ። «የሰው ፊት አለበት እኮ፤ እንዴት ከቆሻሻ ጋር ይጣላል?» ይሉ ነበር። የጃኬታቸው ኪስ ሁልጊዜ ያበጠ ነበር።

ስለ ሆኪ አንዲት ነገር አያውቁም ነበር። የማን ቡድን እንደሆነ፣ ማን ስንት ጎል እንዳገባ ግድ አልነበራቸውም። እሁድ እሁድ ማታ ግን ከቤቱ ጀርባ ከሰል ያያይዙና በቆሎ ይደረድራሉ፤ እኛ የሰፈሩ የሐበሻ ልጆች ብርድ ልብስ ተከናንበን በረንዳው ደረጃ ላይ እንደረደራለን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ የአምፖሉ ብርሃን በነፋስ እየተወዛወዘ፣ እሳቸው ከኪሳቸው አንድ ካርድ መዘው ወደ ብርሃኑ ከፍ ያደርጉታል። «ይኼ ሰውዬ ማን ይመስላችኋል?» ይላሉ። ተረቱ የሚጀምረው ከዚያ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ በአማርኛ የመለሰ ካርዱን ይይዛል፣ በእንግሊዝኛ የመለሰ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ካርዱን የያዘ ልጅ ደግሞ ታሪኩ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ የሚወስነው እሱ ነበር። በትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስንለፈልፍ የምንውል ልጆች፣ አንዲት ቃል ጠፍታብን ካርዱ ከእጃችን እንዳይወጣ ስንቃትት ትዝ ይለኛል።

አንዱ ካርድ ላይ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ሳቁ እስከ ጆሮው የደረሰ ተጫዋች ነበር። እንደ ጋሼ ሰይድ አባባል ይህ ሰው ጥርሱን ለጅብ ያዋሰ ነው። ጅብ ሠርግ ተጠርቶ፣ «ፈገግ ስል እንዳላስደነግጣቸው» ብሎ ሁለት ጥርስ ለመነው፤ ሰውዬውም የዋህ ነበርና ሰጠው፤ ጅብ ግን ሠርጉ ካለቀ በኋላ የውሃ ሽታ ሆነ። ሰውዬው በትር ይዞ በበረዶ ላይ የሚሮጠው ያን ጅብ ፍለጋ ነው። እኔ ለዓመታት የሆኪ ጨዋታ በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር ጅቡ ከየት በኩል ይወጣ ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር።

ከሁላችንም ተረት የሚወደው ጀማል ነበር። ወሳኝም እሱ ነበር፤ ሌላው ልጅ «ይታረቁ» በሚልበት ቦታ እሱ «አይታረቁም» ይልና ታሪኩን ለሳምንታት ያስረዝመዋል። ያኔ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ሁሉም ልጅ ካርዱን በላስቲክ አስሮ ይዞ ይለዋወጥ ነበር፤ ከጋሼ ሰይድ ተውሰን የምንይዘው የእኛ ግን ከሁሉ የቆሸሸ ነበርና ማንም አይለውጠንም፤ ጀማል ደግሞ ደስ ይለዋል። «የእኛዎቹ ይናገራሉ» ይል ነበር።

ይህን የተናገረው አፍ ራሱ ነው በኋላ ያን ሁሉ የተናገረው።

ዓመታት አለፉ። ጋሼ ሰይድ ጡረታ ወጥተው ሬይኖልድስበርግ አንዲት አፓርታማ ተከራዩ። ካርዶቹን በጫማ ካርቶን አድርገው ይዘዋቸው ሄዱ። ጀማል አግብቶ ወለደ፣ ኦቤትስ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ፣ እዚያው አጠገብ ቤት ገዛ። እኔም ወለድኩ። ከዚያ ወረርሽኙ መጣና ሁላችንም በየቤታችን ተቀበርን፤ የሆነ ሰው ደግሞ በዚያ ሁሉ ሞት መሃል የልጆች ካርድ ወርቅ መሆኑን አወቀ።

ለልጄ ልደት አንድ የሆኪ ካርድ ፓኬት ልገዛ የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። ማስኬን አጥልቄ ገና በሩ ሳይከፈት ተሰለፍኩ። ከፊቴ የተሰለፉት ሁሉ ጎልማሶች ናቸው፤ አንድም ልጅ የለም። በሩ እንደተከፈተ ሮጡ፤ ሮጡ ስል እየተገፋፉ፣ ክርን እየተሰናዘሩ ማለቴ ነው። እኔ ስደርስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። አንዱ ጋሪውን ሞልቶ ሲያልፈኝ፣ «እባክህ፣ ለልጅ ልደት ነው፤ አንድ ብቻ ልቀቅልኝ» አልኩት። አላየኝም እንኳ። ስልኩ ላይ ዋጋ እያየ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን በመዳፌ መታሁት። ልጅ የሌለበት የልጆች ጨዋታ፣ ማንም የማይጫወተው መጫወቻ!

ጀማልም ከእነሱ አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጋራዡን በመብራት አጥለቅልቆ፣ ስልኩን በመቆሚያ ተክሎ፣ ጓንት አድርጎ በቀጥታ ስርጭት ፓኬት ይቀድ ነበር። አንድ ጊዜ አየሁት። ካርዱን ያወጣል፣ ማዕዘኑን ያያል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ይወረውራል። ፊቱን አያይም። የማይረባው ተወርውሮ፣ ይሸጣል ያለው ወደ መርማሪዎች ይላካል፤ እነሱም በአጉሊ መነጽር መርምረው ከአንድ እስከ አስር ነጥብ ይሰጡትና በማይከፈት ፕላስቲክ ያሽጉታል። ከዚያ በኋላ ያን ካርድ የሰው ጣት አይነካውም። ተናደድኩ፤ ግን ገንዘቡ የራሱ፣ ጋራዡ የራሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ክትባቱ ከመጣ በኋላ፣ በዚያው በጋ፣ ጋሼ ሰይድን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ገብቼ ጠየቅኳቸው። እስከዚያ በመስኮት ነበር የማያቸው። ልጄን ይዣት ነበርና ካርዶቹን እንዲያሳዩአት ጠየቅኩ።

«የሉም» አሉኝ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። «ጀማል ወሰዳቸው። ለልጆቼ ላውራላቸው ብሎ መጣ። እኔ ቀድሞም እሱ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ያንን ተረት ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ጋራዡና ጓንቱ ትዝ አሉኝ። ሻይዬን ሳልጨርስ ልጄን እናቴ ዘንድ አድርሼ ቀጥታ ወደ ኦቤትስ ነዳሁ። ጀማል ጋራዡ ውስጥ ነበር፤ መብራቱ በርቶ፣ ጓንቱ እጁ ላይ።

«የጋሼ ሰይድ ካርዶች የት አሉ?»

«ላይቭ ላይ ነኝ፣ ሐዩ። ትንሽ ዌይት አድርጊ።»

ስልኩን ከመቆሚያው ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋሁት። ተቆጣ። ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ በአንድ አይቼ ሶርት አደረግኳቸው» አለኝ። «ሁሉም ተራ ናቸው፤ የታጠፉ፣ ቅባት የጠጡ። አንዱን ብቻ ግሬድ ለማስደረግ ወደ መርማሪዎቹ ልኬዋለሁ።»

«የቀሩትስ?»

ዓይኑ ውጭ ወደቆመው ሰማያዊ በርሜል ሄደ። በርሜሉ ባዶ ነበር፤ የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሄዷል። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁ።

«ወረቀት እኮ ናቸው፣ ሐያት! ማንም አይገዛቸውም።»

«ሽጣቸው ማን አለህ? ለልጆቼ ላወራ ብለህ አይደል የወሰድከው?»

«አወራላቸዋለሁ። ቢዚ ሆኜ ነው።»

«በምን ታወራላቸዋለህ? ፊቶቹን ጥለህ በምን?»

በዚህ መሃል የጀማል ትልቋ ልጅ የጋራዡን የውስጥ በር ከፍታ ብቅ አለች። ጮኸን ነበር። እኔም እንደተናደድኩ፣ «ጋሼ ሰይድ ስለሚባሉ ሰው አባትሽ ነግሮሽ ያውቃል?» አልኳት። አባቷን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «ሁ?» አለች በእንግሊዝኛ፤ «ማን?» ማለቷ ነው።

ጀማል ጓንቱን አወለቀ። «ራስህ ሄደህ ትነግራቸዋለህ» አልኩት። «እኔ አልነግርልህም።»

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አብረን ሄድን። ጋሼ ሰይድ ጀማልን ሲያዩ ተነስተው አቀፉት። ሳምቡሳ ገዝተው ጠብቀውናል። ገና ሳንቀመጥ፣ «እህ፣ ጀማል» አሉ፤ «መጀመሪያ የትኛውን አወራህላቸው?»

ጀማል ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። «የበረኛውን» አለ።

የበረኛው ተረት ከሁሉም ረጅሙ ነበር። ፊቱ በብረት የተሸፈነ የንጉሥ በረኛ አለ፤ ንጉሡ ማንንም እንዳታስገባ ብሎ አዞታል። አንድ ቀን ንጉሡ ሕዝቡ ምን እንደሚለው ሊሰማ የለማኝ ልብስ ለብሶ ይወጣል፤ ሲመለስ በረኛው አያውቀውም። «ንጉሥ ውስጥ ነው፤ አንተ ማነህ?» ይለዋል። እዚህ ላይ ጋሼ ሰይድ ያቆሙና ካርዱን የያዘውን ልጅ ይጠይቁታል።

አሁንም ያንኑ ጠየቁ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው። «ልጆችህ ምን ፈረዱ? አስገቡት ወይስ አላስገቡትም?»

የጀማል አንገት ሥሩ ሲቆም ታየኝ። «አላስገቡትም» አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ።

ጋሼ ሰይድ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። «ያንተ ልጆች ናቸዋ!» አሉ። «አልሃምዱሊላህ! እኔማ እነዚያ ካርዶች ከእኔ ጋር ይቀበራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ፊታቸውን አየሁና ሳምቡሳውን ጎረስኩበት፤ ወንድሜን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። ፓርኪንግ ላይ ጀማል የመኪናውን በር ተደግፎ አለቀሰ። አላባበልኩትም። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

የላከው ካርድ በሚቀጥለው ዓመት ታሽጎ መጣ፤ የተሰጠው ነጥብ ለወሬ እንኳ አይበቃም ነበር። የካርድ ገበያውም ቀዘቀዘ፤ ጋራዡ በማይከፈት ፕላስቲክ እንደተሞላ ቀረ። ሰዎች «ይብቃሽ፣ ወንድምሽ ነው፤ ወረቀት ነው» ይሉኛል። ካርድ መሰብሰብ ድሮም እንዲሁ ነበር የሚሉኝም አሉ። አልነበረም። ያኔ ከተጣለ ላይ ፊት እናነሳ ነበር፤ አሁን ፊቱን ጥሎ ነጥቡን የሚያነሳ መጣ። ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረልኝን ሳስብ፣ የተረቶቹን ጅማሬ እንጂ መጨረሻቸውን አላስታውስም፤ መጨረሻቸው በየጊዜው ካርዱን በያዘው ልጅ እጅ ነበርና። ንዴቱ ግን አለ። እንዲበርድልኝም አልፈልግም፤ ሥራ አግኝቷል።

ምክንያቱም ጋሼ ሰይድ በየዓርቡ ይደውሉልኛል። ጀማል ስልክ አያነሳላቸውም፤ ማንሳት አልቻለም። «የጀማል ልጆች ደህና ናቸው? ንጉሡን የት አደረሱት?» ይሉኛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ፣ ሥራ ቦታዬ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ያለኝን አማርኛ ሁሉ አሰባስቤ፣ ልጆቹ እንዳሉት አድርጌ ታሪኩን እፈጥራለሁ። ባለፈው ሳምንት ንጉሡን አንዲት እንጨት ሻጭ ዘንድ አስጠጋሁት፤ ማገዶ ተሸክሞ ገበያ ወጣ፤ ስለ ራሱ ጭካኔ ከገዢዎቹ አፍ ሰማ፤ አብሯቸውም ተራገመ። ጋሼ ሰይድ ሳቃቸው አልቆም ብሎ ሳል ያዛቸው።

«እነዚህ ልጆች ከእኔ በለጡ» አሉኝ። «ማን አስተማራቸው?»

«አባታቸው» አልኳቸው።