ራስ ያልነበረው ዘንዶ

ሉማሜ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ዝናብ ያበሰበሳት ሴት ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። የሹራቧ እርጥብ ሱፍ ሲሸተኝ ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ትዝ አለኝ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተር ጌም ላይ በጎራዴ ጭራቅ ሲገድል ይውላል፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ። አንድ ቀን ጌሙ ውስጥ ቀይ ዘንዶ መጣ። ከትናንሽ ካሬዎች የተሠራ ስለነበር፣ አንዱን ካሬ ለአንድ የክር ቋጠሮ እየቆጠርሁ ሹራቤ ላይ እገለብጠው ጀመር። ጅራቱን፣ ክንፉን፣ አንገቱን ጨረስሁ።

"ትንሽ ቆይ እንጂ፣ ራሱ ብቻ ነው የቀረኝ" አልሁት።

"ሦስት ቀን ሙሉ ለክርሽ ስል ጌሙን አቆምሁ። ይልቅ ድመት ሥሪ፣ እሷ አትከብድሽም" ብሎ ሳቀና የዘንዶውን አንገት ቆረጠው። ስክሪኑ ደም በደም ሆነ።

የብረቱን የሹራብ መርፌ ከክሩ መዝዤ እጁ ላይ ሰካሁት። መርፌው በመዳፉ በኩል ወጣ። ጩኸቱ ጎረቤት ተሰማ፤ ደሙ በኪቦርዱ ቀዳዳዎች ውስጥ ወረደ።

ሹራብ ያስተማረችኝ አክስታችን ሮጣ ገባች። አልመታችኝም። መርፌውን ነቅላ እጁን በነጠላዋ እያሰረች፣ "የእሱ ዘንዶ ነገም ተነሥቶ ይዋጋል። ይህን እጅ ግን ማን ያስነሣዋል፣ ልጄ?" አለችኝ።

አውቶቡሱ ወደ ማርቆስ ተንቀሳቀሰ። መናኸሪያ የሚቀበለኝ ወንድሜ ነው። ሁለት ጣቶቹ እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ሰው ሲጠይቀው "ሚስማር ወግቶኝ ነው" ይላል።