ወንድሜ ያዘዘው ንፍሮ

አባቴ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምራሉ። እኔ ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ ሐኪም ነው። ደርግ የገበሬውን ልጅ ከየገበያው እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ በሚሰድበት በዚያ ዘመን ከአንድ ጎጆ ሁለት የተማረ ልጅ መውጣቱ ለአባቴ ትልቅ ነገር ነበር። በተለይ የወንድሜ ቃል ቤታችን ውስጥ እንደ ወንጌል ነበር የሚሰማው።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አባቴ ከሰገራቸው ጋር ደም ማየት ጀመሩ። ለእኔ መናገር አፍረው ለወንድሜ ነገሩት። እሱም የይለፍ ወረቀት አስጽፎ አዲስ አበባ ወሰዳቸው፤ አስመርምሮም መልሶ አመጣቸው። ምን ተገኘ ብዬ ስጠይቀው ኪንታሮት ነው፣ ምግባቸውን ካስተካከልን ይሻላቸዋል አለኝ።

የዚያን ዕለት ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲያስረዳን አባቴም እኔም አፉን ነበር የምናየው። በትልቁ አንጀት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ አለን። እኛ መፍጨት ያቃተንን የገብስና የባቄላ ገለፈት እነሱ ያብላሉታል፤ ሲብላላም አሲድ ይወጣዋል። አንደኛው አሲድ ስሙን ያገኘው ከቅቤ ነው፤ የቆየ ቅቤ የሚሸተው በእሱ ነውና። ጤነኛው የአንጀት ሕዋስ የሚኖረው ይህን አሲድ እያቃጠለ ነው። የካንሰር ሕዋስ ግን ስኳር ወዳድ ስለሆነ አሲዱን እንደ ጤነኛው አያቃጥለውም፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲያዩት አሲዱ ይጠራቀምበትና መባዛቱን ይተዋል።

አባቴ ሳቁ። «እንግዲያ እኛ ስንጾም ሆዳችን ቅቤ ይበላል በለኛ» አሉት።

እኔ ግን ልቤ ፈርቶ ስለነበር ለብቻው ወስጄ ካንሰር ቢሆንስ ብዬ ጠየቅሁት። «ቢሆንም እንኳ እህትዓለም፣ ይኸው ምግብ ይመልሰዋል» አለኝ። ዓይኔን እያየ ነበር ያለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንኩሳ እየወረድሁ የገብስና የባቄላ ንፍሮ እቀቅል፣ ተልባ እወቅጥ ጀመር። አባቴ እንደ መድኃኒት ይበሉታል። ከበሉ በኋላ ሆዳቸው ይነፋል፤ ጎናቸውን ይዘው ይቃትታሉ። እኔም ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው እያልሁ አጽናናቸው ነበር። ያንኑ ትምህርት ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ሳስተምር በወንድሜ እኮራ ነበር። አባቴ ግን እየከሱ ሄዱ።

በየካቲት ለመምህራን ስብሰባ ቡሬ ሄድሁ። እዚያ ገበያው ዳር አብራኝ የተማረች ነርስ አገኘሁ። አባቴ በተመረመሩበት ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ቤተሰቧን ልትጠይቅ መጥታለች። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ፊቷ ጠቆረ።

«የአባትሽ ነገር እንዴት እንዳሳዘነኝ» አለች። «ካንሰሩ ጉበታቸው ላይ ባይደርስ ኖሮ በኦፕራሲዮን ይወጣላቸው ነበር።»

ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ውጤቱን ለማን እንደነገሩት ጠየቅኋት።

«ለወንድምሽ ነዋ» አለችኝ።

ከቡሬ ማንኩሳ ድረስ መንገዱን አላየሁትም። አባቴን ቅጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። በኋላ፣ «ለሞት የሚሰናዳ ሰው ጊዜ ይፈልጋል» አሉ። «ልጄ ጊዜዬን ሰረቀኝ።»

በማግስቱ የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ። ንስሐ ገቡ፤ ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። የቅኔውን ወንበር ለትልቁ ተማሪያቸው አስረከቡ፤ ግን ቁጭ ብለው ሊነግሩት ካሰቡት እኩሌታውን እንኳ ሳይጨርሱ አቅም ከዳቸው። ንፍሮውን አቆምሁ፤ አጥሚት ብቻ እሰጣቸው ነበር፤ አጥሚቱ ሲቀልላቸው ሳይ እንደገና ይቆጨኝ ነበር። በዐቢይ ጾም መካከል አረፉ። እስከ መጨረሻው ወንድሜን ጥሩልኝ አላሉም።

ወንድሜ ለቀብር መጥቶ ከሰው ሁሉ በላይ አለቀሰ። ለቀስተኛው ሲበተን ለምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። «ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ ነው» አለ፤ «ለአንቺም ብነግርሽ ፊትሽ ያሳብቅብኝ ነበር።»

«ለእሳቸው መደበቅህን ልረዳልህ እችል ይሆናል» አልኩት። «እኔን ግን በማውቀው ትምህርት አታለልኸኝ።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ አሲድ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ወንድሜ ስለ ሕዋሱ የነገረን ውሸት አልነበረም። ጉበት ድረስ የዘለቀን ካንሰር ግን ንፍሮ እንደማይመልሰው እሱ ያውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር።

አሁንም በዓመት በዓል እንጠያየቃለን፤ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ባለፈው እኔን ራሴን ሆዴን ሲያመኝ ግን ለወንድሜ ሳልነግር የማላውቀው ሐኪም ዘንድ ሄጄ ወረፋ ያዝሁ።